የወታደር ሲቪ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ከደሴ ይደውልልኝ ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"አሁን እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ።"

ለእኔ አስቦ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ከቂርቆስ መነቀል አልፈለግሁም። ከባለቤቴ ጋር የኖርንባት የኪራይ ቤት እዚያ ናት፤ መቃብሩም እዚያው ነው፤ በሐዘኔ ቀን ድንኳን የጣሉልኝ የዕድር ሰዎች እዚያ ናቸው። "ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ታገሠኝ፤ እስከዚያ ሥራ ካላገኘሁ እመጣለሁ" አልኩት። ቃል ነውና ተቀበለኝ።

ሥራ አገኛለሁ ብዬ አምን ነበር። ከወጣትነቴ ጀምሮ የኖርኩት በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ኋላ ኮምፒውተርና ኔትወርክ። የተበላሸ መሣሪያ አጠገቤ ሲቀመጥ እጄ ራሱ ሥራውን ይጀምራል። ባለቤቴ ኩላሊቱን ሲታመም ስንብት ጠየቅሁ፤ በክብር ተሰናበትኩ፤ እስከ መጨረሻው አስታመምኩት። ስለዚህ ሙያው አለኝ። የሌለኝ ሙያዬን ለሲቪል ሰው የሚናገር ወረቀት ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ካዛንቺስ ባለ አንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው የምትሠራው። የአመልካቾችን ወረቀት ስታገላብጥ ነው የምትውለው። በዚያው በካዛንቺስ አንድ ሆቴል የአይቲ ባለሙያ እንደሚፈልግ የነገረችኝ እሷ ናት። "ሲቪሽን ጻፊና ኦሎምፒያ ካፌ እንገናኝ" አለችኝ።

ሲቪ ጽፌ አላውቅም። ግለ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ለዕድገት ወይም ለሥልጠና ሲታጭ ግለ ታሪኩን ይጽፋል። ከተወለደበት መንደር ይጀምራል፤ አባትና እናቱ በምን እንደሚተዳደሩ ይናገራል፤ የት የት እንደተመደበ ይዘረዝራል፤ መጨረሻ ላይ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ያስቀምጣል። ትልቁ ቁም ነገር ደካማ ጎኑ ነው። ያሳጠረ ሰው ግምገማ ላይ ይነሣበታል፤ "ራሱን ደብቋል" ይባላል። እኔ ራሴን ደብቄ አላውቅም። እንደለመድኩት በንጹሕ ወረቀት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ይዤላት ሄድኩ።

ካፌው ውስጥ ማኪያቶዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊቷ አልተለወጠም። ሁለተኛው ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"እታለም፣ የአባትሽ በሬዎች እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"መተዳደሪያችን ነበሩ።"

"ሆቴሉ ሊያርስባቸው ነው?"

ማንበቧን ቀጠለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ዜና አንባቢ አነበበችው። "'ደካማ ጎን። ትዕግሥት ያንሰኛል። ኬብል በዘፈቀደ የሚያስር ሰው ሳይ እቆጣለሁ። ረጅም ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። የበላይ ሲሳሳት ፊቴ ላይ ይታወቅብኛል።' በስመ አብ! ይሄን ለቀጣሪ ልትሰጪ ነው?"

"እውነት ነዋ።"

"እውነት መሆኑማ ነው ያስደነገጠኝ!"

እሷ ሳቀች። እኔ መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ ከዚያ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የአባቴን በሬዎች ሲያነብ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። ሁለታችንም ከል ለብሰናል፤ እሷ ለወንድሟ፣ እኔ ለባሌ። አስተናጋጇ ቆማ አየችን። እሱ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱ ቢያየን እሱም ይስቅ ነበር፤ አንዱን ቀልድ ሁለት ጊዜ መስማት የሚወድ ሰው ነበር።

ላፕቶፗን ከፈተች። "በቃ፣ እንግሊዝኛውን ለእኔ ተዪው። አንድ ገጽ። በሬ የለም፣ ደካማ ጎን የለም። አሁን ንገሪኝ፤ የት ነበር የምትሠሪው?"

"መናገር አልችልም።"

"እሺ፣ ማለቴ፣ ስንት ኮምፒውተር ነበር የምትቆጣጠሪው?"

"እሱንም አልችልም።"

"ከማን ጋር ነበር የምታገናኚው?"

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። "እታለም፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ስምሽን ብቻ ጽፈን ነው የምንልከው። እሱንም ከፈቀድሽ!"

ቀለደች እንጂ ችግሩ እውነተኛ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት የምሠራውን እንዳልናገር ነው። ባለቤቴ እንኳ አይጠይቀኝም ነበር። "ዛሬ እንዴት ዋለ?" ይለኛል፤ "አልተቋረጠም" እለዋለሁ፤ በዚያው እራት ይቀርባል። ይህንን ለእህቱ ስነግራት ሳቋን ተወችና አሰብ አደረገች።

"እንግዲያው እሱን ንገሪኝ። ምኑ ነው ያልተቋረጠው? እንዴትስ አደረግሽው? ቦታውን ተዪው።"

ጀመርኩላት። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ አቧራው ማሽኑን እያነቀው፣ መለዋወጫው ሳይደርስ መሥመሩ እንዴት ሳይቋረጥ እንደዋለ ነገርኳት። ከሁለት የሞቱ ማሽኖች አንድ የሚሠራ ማውጣትን፣ አዲስ ምልምሎችን ኬብል ማሰርና ምልክት ማድረግ ማስተማርን ነገርኳት። እየተናገርኩ ስሄድ ጀርባዬ ቀና አለ፤ ወንበሩ ላይ አቀማመጤ የወታደር ሆነ። አንድም የተከለከለ ነገር ከአፌ አልወጣም። ገጹ ግን ሞላ።

የመጨረሻው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከስንብቴ ወዲህ ያለው ጊዜ ባዶ ነው።

"እዚህ ላይ በግል ስትሠሪ ነበር እንበል?" አለች፤ ሳታየኝ። "ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው።"

"ወንድምሽን ሳስታምም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እሱን ጻፊው።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጻፈችው፤ 'ባለቤቴን አስታመምኩ' የሚል አንድ አጭር መሥመር፣ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ ከነጊዜው። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለታችንም ጠጣነው።

ሆቴሉ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ከቂርቆስ በእግሬ ወጣሁ። ካዛንቺስን የማውቀው ባለቤቴ ይነግረኝ በነበረው ምልክት ነበር፤ ከሥጋ ቤቱ ጎን፣ ከጫማ ሰፊው ፊት ለፊት። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ሥጋ ቤቱም ጫማ ሰፊውም የሉም፤ ሰፊ መንገድና አዲስ የተተከሉ ዛፎች ናቸው ያሉት። ሁለት ጊዜ ጠይቄ ደረስኩ።

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ የአይቲ ኃላፊው ደግሞ ገና ወጣት ነበር። ወጣቱ ስለ ኔትወርክ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። እሱ ከሚያውቃቸው አዳዲስ ነገሮች የማላውቃቸው እንዳሉ ነገርኩት፤ "እነሱን እኔ አሳይዎታለሁ" አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን ይዘው ያቺ አጭር መሥመር ላይ ቆዩ።

"ነፍስ ይማር" አሉ።

"አሜን። እርስዎንም ያቆይልን።"

"እንግዲህ የሆቴል እንግዳ ክፉ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ይጮኻል። ይችሉታል?"

"ኮሎኔል ጮኾብኝ ያውቃል፤ እሱም ፕሪንተሩን ሶኬት ላይ ሳይሰካው።"

ወጣቱ ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። ሥራ አስኪያጁ ልብሴን አዩ፤ እንደተቸገሩ ገባኝ።

"እኛ ዘንድ ዩኒፎርም አለ። ዓመቱ ካልሞላ ማስቸገር እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"ዩኒፎርም ለብሼ ነው የኖርኩት" አልኳቸው። "ከሉን ቤቴ ስገባ እለብሳለሁ።"

ባነሱት ጥያቄ አልተከፋሁም። እንደ ሰው ነው የጠየቁኝ። በማግስቱ ደውለው መቼ መጀመር እንደምችል ጠየቁኝ። "ሰኞ" አልኩ።

ወዲያው ደሴ ደወልኩ።

"ወንድምዓለም፣ አልመጣም። ሥራ አግኝቻለሁ።"

"ምን ዓይነት ሥራ?"

"ሆቴል ውስጥ ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥ መጠበቅ።"

"ዘብ ነኝ በያ!"

"እንደሱ በለው።"

ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ቅሬታ ነበረበት። ልጆቹ ክፍል አዘጋጅተውልኝ እንደነበር ነገረኝ። "ለሙት ዓመቱ ስትመጣ ልጆቹን ይዘሃቸው ና፤ ማረፊያችሁ እኔ ቤት ነው" አልኩት።

"ቤቱን አትለቂማ?"

"አልለቅም።"

"እንግዲህ ይቅናሽ" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቤት ኪራዬን ለማደስ ወደ አከራዬ በር ሄድኩ።