ነጭ ነጥብ ያለበት ጠርሙስ

ጋራዥ ውስጥ በርሜል ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው፤ ቀለም ሲረጭ ውሎ ጉሮሮው ደርቆ ሲወጣ፣ እሱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ መጠጥ ተርፎ አያውቅም። ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ ስሙ አብሮት ጡረታ አልወጣም።

ሙያው የመኪና ቀለም ነው፤ ቀለም በማመሳሰል ደግሞ የሚያህለው አልነበረም። ተጋጭቶ የመጣ በር ሲሰጡት፣ ፀሐይ ያነጣውን አሮጌ ቀለም እያየ ከዚህ ጠብ ከዚያ ጠብ አድርጎ ይበጠብጥና፣ የተመታው የትኛው በር እንደሆነ ባለመኪናው ራሱ እስኪጠፋው ድረስ ያመሳስለዋል።

ከመጠጥ ጋር የነበረው ነገር ግን አንድ ቀለም ይዞ አልቆየም። በሃያዎቹ ሰው እያየው ይጠጣ ነበር፤ ያኔ የሚጠጣ ሁሉ ወንድ፣ የማይጠጣ ሁሉ በሽተኛ ነው። በአርባዎቹ ሰው ሳያየው ይጠጣ ጀመር፤ ልጆች ነፍስ አውቀዋል፣ ጎረቤትም አፍ አለው፣ ሚስቱም ያገኘችውን ጠርሙስ ሁሉ ሽንት ቤት መድፋት ለምዳለች። ስድሳን ከተሻገረ በኋላ አንድ ቀን ብርጭቆውን አነሳ፣ አሸተተ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሐኪም አልከለከለው፣ አልተሳለ፣ አልማለ። ሰውነቱ እንደጠገበ እንግዳ «በቃኝ» ብሎ ተነሣ፣ ያ ብቻ ነው። አሁን ያቃተው ሰው እያየው አለመጠጣት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቻ። ሁለት የድሮ ባልደረቦቹ፣ ላሜራ ቀጥቃጩና ሽቦ የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በየቅዳሜው ቤቱ መጥተው ኮኛክ ይጠጣሉ። አራተኛቸው የነበረው ሰው መጠጥ ያቆመ ጊዜ ቀጥቃጩ «አለቀለት ማለት ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ሰው የጠራው የለም። በርሜል ሞትን እንኳ ያን ያህል አይፈራም። ቅዳሜ በሩ ሳይንኳኳ ሲመሽ ግን በሐሳቡ ይመጣበታል።

ስለዚህ ወደ ሙያው ዞረ። ሻይ አፈላ፣ አቀዘቀዘ፣ በተቃጠለ ስኳር አጠቆረው፣ መስኮት ላይ ከኮኛኩ ጎን አቁሞ አስተያየው። ራሱም መለየት ሲያቅተው የሻዩ ጠርሙስ ክዳን ላይ ነጭ ቀለም ነጠብ አደረገበት። ለእንግዶቹ ከኮኛኩ፣ ለራሱ ከባለነጥቡ ይቀዳል። «የእኔ ጠንካራ ነው፣ እናንተ አትችሉትም» ይላቸዋል። አንገታቸውን እየነቀነቁ ያምኑታል።

ሁለት ነገር ብቻ ግራ ገባው። ሻዩ እሱ ከሚጠጣው በላይ ቶሎ ያልቃል፤ ይህን በእርጅና አሳበበ፣ ጠጥቶ የሚረሳ መሰለው። የእንግዶቹ ኮኛክ ደግሞ አላልቅ አለ። «ምስኪኖች፣ ደክመዋል» ብሎ አዘነላቸው።

አንድ ቅዳሜ ሽቦ ገና ሳይቀመጥ ወሬውን ጀመረ።

«ሐኪሙ ደሜን መርምሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አባቴ፣ መጠጥ ማቆምዎ ጠቅሞዎታል።›»

«ምን አልከው?» አለ ቀጥቃጩ።

«ምን እለዋለሁ? አመሰገንኩት። ሰው ትምህርት ከጨረሰ በኋላ አታርመውም።»

ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ቀጥቃጩ የሸሚዙን አንገት ፈታ፤ ምላሱ ተሳሰረ፤ በወጣትነቱ ስላመለጠችው ሴት ሊያለቅስ ዳዳው። በርሜል የራሱን ሊቀዳ ቢያነሳ ጠርሙሱ ባዶ ነው።

«አለቀብህ? በል ዛሬ ከእኛ ቅመስ» አለው ቀጥቃጩ።

«ይቅርብኝ። የእናንተ ውሃ ውሃ ይለኛል።»

«ውሃ ከሆነ ምን አስፈራህ?»

ሽቦ ዐይኑን አጥብቦ አየው። «ሰውዬ፣ አለቀልህ እንዴ?»

እንግዲህ ምን ቀረው። ከጠጣ፣ መጠጥ የተወ ጉሮሮው ያስለውና ዐይኑ እንባ ያቀርራል፣ ይጋለጣል። ካልጠጣም ያው ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ጨለጠው።

ሻይ ነው። የራሱ ሻይ፣ የራሱ የተቃጠለ ስኳር።

ቀና ሲል ሁለቱን አያቸው። አንዱ በሻይ ሰክሮ ይቃትታል፤ ሌላው በሻይ ድፍረት የሐኪሙን እናት ሊሳደብ ነው። ከኋላቸው፣ የማድ ቤቱ በር ላይ፣ ሚስቱ በፎጣ አፏን ይዛ ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል። ጉንጯ ቀልቷል።

«እ? እንዴት ነው?» አለ ቀጥቃጩ።

ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቢተፋው ግን ከሳቁ በኋላ ሦስት የሚያፍሩ ሽማግሌዎች ይቀሩና፣ የሚመጣው ቅዳሜ መምጣታቸው ይቀራል። በርሜል ደረቱን ይዞ የውሸት ሳል ሳለ።

«ይፋጃል» አለ። «እናንተ ሰዎች አትጎዱም?»

«ለምደነዋል» አለ ሽቦ፣ በኩራት።

ተደጋግፈው፣ የሌለ ስካራቸውን እያንገዳገዱ ሲሄዱ በሩን ዘጋና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንተ ከተውክ ወዲህ። ይሄን ሁሉ ዘመን ከእኔ ያስበለጥከው ምን እንደሆነ ልየው ብዬ ቀመስኩት። የጎደለውን ከአንተው ጠርሙስ ሞላሁ፤ ቀለሙ ልክክ ነው።»

«እና ጣፈጠሽ?»

«አይጣፍጥም። እግሬን ግን ያሞቀዋል።»

በርሜል ሊቆጣ ፈለገ፤ ሽንት ቤት የተደፋው ኮኛክ ሁሉ ትዝ አለው። ግን ሳቁ ቀደመው።

በማግስቱ ትልቁን ድስት ጣደ። ሚስቱ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው።

«ትንሽ ይጥቆር። ቀጥቃጩ በዚህ አይሰክርም።» ስኳሩን አቀበለችው። «ለእኔ ደግሞ እውነተኛውን ግዛልኝ። ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ አድርግበት፣ እንዳትሳሳት።»