ከግንቡ ወዲያ የተሰማው ከበሮ

ገና ፊደል ቆጥሬ በጨረስኩበት ሰሞን፣ አሰላ ላይ መብራት የሚጠፋባቸውን ምሽቶች እንደ በዓል ነበር የምጠብቃቸው። ያኔ ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ነበር፤ ከጎናችን ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጋሽ ከድር ልብስ ይሰፉ ነበር። መብራት ሲጠፋ የስፌት መኪናቸውን ያቆሙና ፋኖስ ለኩሰው ከደጃፉ በላይ ይሰቅላሉ፤ የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙን አሮጌ ድስት ላይ ይገለብጡልናል። እኛ የሰፈሩ ልጆች በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተጠጋግተን እጃችንን እየሞቅን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አፋቸውን እናያለን።

ጋሽ ከድር ከልብስ ሰፊነታቸው ይልቅ የሚታወቁት በደጋፊነታቸው ነበር። የከተማችን ቡድን በሚጫወትበት እሑድ ሁሉ ከበሮ አንግተው ከፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲመቱ ሕዝቡ በጭብጨባ ይመልሳል፤ እሳቸው ሲያርፉ ሜዳው ሁሉ ጭጭ ይላል። አስተማሪው አባቴም ከጎናቸው አይጠፋም ነበር፤ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል።

ተረታቸው ግን ስለ ኳስ አልነበረም፤ ስለ ጉም ነበር።

«ኢጆሌ፣» ይሉናል፤ እኛን ልጆችን የሚጠሩን በኦሮምኛ ነበር፤ «ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ጉም ጆሮ አለው። አንድ የሳጉሬ ሰው እህሉን ሸጦ ሲመለስ ጉም መንገድ ላይ ያዘው። ወንድሙ በስሙ ሲጠራው ሰማ። ‹አቤት!› አለ። ድምፁ ራቅ ብሎ እንደገና ጠራው። ‹አቤት! መጣሁ!› እያለ ተከተለው። ወንድሙ ግን ያን ሰዓት ቤቱ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነበር።»

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ ጉሙ ተነሣ። ሰውየው የለም። እናንተም በጉም ውስጥ የምትወዱት ሰው ድምፅ ቢጠራችሁ እንዳትመልሱ።»

ሌላ ጊዜ በሁሉ ነገር የሚስቁት ሰው ይህን ሲሉ አይስቁም ነበር። በእነዚያ ምሽቶች ከሱቃቸው እስከ ቤታችን በር ያለችውን አጭር መንገድ ብርር ብዬ ነበር የማልፋት።

እየዋለ እያደረ ተረቱ መቆራረጥ ጀመረ። ጋሽ ከድር አንዱን ቃል ጀምረው ይተዉታል፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፍሙን ያያሉ። አንድ ምሽት በፋኖሱ ብርሃን ከንፈራቸው ጠቁሮ አየሁ። ሐኪም ቤት ሄደው ሲመለሱ ለአባቴ የነገሩት ቀልድ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ልብህ ሰፋ አሉኝ።» አባቴ ይህን ለእናቴ ሲነግራት ግን አልሳቀም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ቡድናችን ከሊጉ ላለመውረድ የመጨረሻ ጨዋታውን ሊጫወት ሆነ። በዚያ ሳምንት ሚስታቸው አዴ ሸምሲያ በነጠላቸው ተሸፍነው ቤታችን መጡ።

«ቲቸር፣ ሐኪሙ ከበሮ እንዳይነካ ብሎታል፣» አሉት አባቴን። «እኔን አይሰማኝም። እናንተ ጓደኞቹ ውሰዱልኝ፤ ደብቁልኝ።»

አባቴና ሌሎች ደጋፊዎች ተማክረው ወደ ሱቁ ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ የእሑዱን ጨዋታ ቤትዎ ይቀመጡ፤ እኛ በየደቂቃው እንደውልልዎታለን፣» አለ አባቴ።

ጋሽ ከድር ከመርፌያቸው ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩአቸው። «ምነው፣ ሳልሞት ቀበራችሁኝ?»

አባቴና ጓደኞቹ ከበሮውን ከግድግዳው ላይ አውርደው ወሰዱት። እሳቸውም አልከለከሉም፤ ጎንበስ ብለው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

እሑድ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ከብዶ ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ከወዲያኛው ግብ ጀምሮ ሜዳውን ዋጠው። ሕዝቡ ብርድ እንደመታው ከብት ተጠጋግቶ ቆሟል፤ የሚያስጨፍር የለም። ያኔ ከሜዳው ግንብ ወዲያ፣ ከባሕር ዛፎቹ በኩል፣ አንድ ድምፅ መጣ። ከበሮ አልነበረም፤ ባዶ ጀሪካን ነበር። አመታቱን ግን የማያውቅ አልነበረም።

«ጋሽ ከድር ናቸው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሕዝቡ ሁሉ በጭብጨባ መለሰ።

እኔ ግን ሁለት እጆቼን ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁ። «አባዬ፣ አትመልስ!» አልኩት ካፖርቱን እየጎተትኩ። አልሰማኝም፤ እያለቀሰም እየሳቀም ያጨበጭብ ነበር። ጀሪካኑ ይጠራል፣ ሕዝቡ ይመልሳል፤ ይጠራል፣ ይመልሳል። እየፈጠነ ሄደ። ከጉሙ ውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ ግብ አግብተናል። ሰዉ ተቃቀፈ፣ ዘለለ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ምቱን ጠበቀ።

ምቱ አልመጣም።

ጭብጨባው መጀመሪያ ከግንቡ አጠገብ ካሉት፣ ቀጥሎ ከመሀል፣ በመጨረሻም ከሁሉም ዘንድ ቆመ። ተጫዋቾቹ ኳሷን ሲመቷት ብቻ ይሰማ ነበር። አባቴ እጄን ለጎረቤታችን አስይዞ ወደ በሩ ሮጠ።

ግንቡን ተደግፈው፣ ጀሪካኑን በጉልበታቸው መሀል እንደያዙ ነበር ያገኟቸው። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። ቡድናችን በዚያች ግብ ከመውረድ ተረፈ፤ የጨፈረ ግን አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ደጋፊው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለቅሶ ቤቱን ሞላው። አንዱ በጉዞ ላይ አውቶቡሱ ሲበላሽ እንዴት እንዳስጨፈሯቸው፣ ሌላው የደሀ ልጆችን የቡድኑን ማሊያ ከቁርጥራጭ ሰፍተው እንዴት እንዳለበሷቸው ያወራል። እየተሳቀ ይለቀሳል። አዴ ሸምሲያ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው ድንገት ተናገሩ።

«ከበሮውን የወሰዳችሁት ለሱ ብላችሁ ነው። ውሰዱ ያልኳችሁም እኔ ነኝ። ግን መሞቱ ላይቀር፣ ብቻውን አደረግነው። እናንተ መሀል ቢሆን አንድ ሰው እጁን ይይዘው ነበር።»

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አድጌ ነርስ ሆንኩ። ሰው ሲታመም ምን እንደሚከለከል አውቃለሁ፤ በየቀኑም እከለክላለሁ። ከልጅነቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የአዴ ሸምሲያ ንግግር ግን አንድም ቃል አልጠፋኝም። ልክ ናቸው ወይስ ሐዘን ነው ያናገራቸው? እስካሁን አልቆረጥኩም።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ልቡም ደክሟል። ባለፈው እሑድ ቡድናችን ሲጫወት፣ እናቴ ጫማውን ደብቃበት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «አንቺ ነርስ ነሽ፣ ንገሪው እንጂ!» አለችኝ። ዓይኖቹ ግድግዳው ላይ ነበሩ፤ አልለመነኝም። ጫማውን ፈልጌ አመጣሁ፤ ተንበርክኬም አሰርኩለት። መድኃኒቱን ኪሴ ከተትኩ። ዳገቱን ቆም እያልን ወጣነው። ስታዲየሙ በር ስንደርስ ትንፋሹ አጥሮ፣ የያዘኝ እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

«እንመለስ፣ አባዬ?»

ከውስጥ የሕዝቡ ድምፅ ይሰማል። ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

«እንግባ፣» አለኝ።