«ገና ብቁ አይደሉም»

ይህ ነገር ከደረሰ ዓመት ሊሞላው ነው። ያጫወትኳቸው ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሲስቅብኝ ደግሞ ይብስብኛል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኮንስትራክሽን ተምሬ፣ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና አልፌ ስወጣ፣ ሐረር ውስጥ ያላንኳኳሁት በር አልነበረም። አንድ ፋብሪካ «የምንፈልገውን ራሳችን ነው የምናሳየው፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ለማስረሳት ጊዜ የለንም» ብሎ መለሰኝ። አንድ ሆቴል ለጥገና ክፍል ባመለክት ወረቀቴን እንኳ ሳይገልጡ «ልምድ ስንት ዓመት?» አሉኝ። በመጨረሻ የተቀበለኝ አንድ ኮንትራክተር ነው። ግልጽነቱን አልነፍገውም።

«አቦ፣ ያስተማሩሽን እርሺው። እኔ የምፈልገው የሰጡሽን ወረቀት ነው። ሥራ የሚሰጠኝ ቢሮ ያለ ወረቀት ሰው አይቆጥርልኝም» አለኝ። ቤት ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ፎርማን ሆንኩ።

ሥራው ያው ቢሮ የሚያስጠግነው፣ ጀጎል ውስጥ ከኤረር በር ገባ ብሎ ያለው የእማማ ዘይነብ ቤት ነበር። ቤቱ ጣሪያው አፈር የሆነ የድሮ ቤት ነው። በመንገድ በኩል ያለው ግንብ ሆዱ ተነፍቶ ሊወድቅ ስለደረሰ ፈርሶ እንደገና መሠራት ነበረበት። እማማ ዘይነብ እስኪያልቅላቸው ድረስ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንዲት ክፍል ተጣበው ይኖሩ ነበር።

አው ሙሜን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። «አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ የሚሉት ነው፤ እኛ ጋሽ እንደምንለው። ሰባን ሳያልፉ አይቀሩም። የሠፈሩን ግንብ ግማሹን የሠሩት እሳቸውና አባታቸው ናቸው ይባላል። ወረቀት ስለሌላቸው ግን ኮንትራክተሩ ግንበኛ ብሎ ሊመዘግባቸው አልቻለም። በጉልበት ሠራተኛነት ተመዝግበው ጭቃ ያቦካሉ፣ ድንጋይ ያቀብላሉ። ስማቸውን እዚያ መደብ ላይ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ የተማርኩት ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። በጭቃ የሚያያዝ የሐረር ድንጋይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳየኝ ሰው የለም። እያፈርኩ አው ሙሜን መጠየቅ ጀመርኩ። አልኮሩብኝም። «አዙሪው ልጄ፣ ድንጋይ ሁሉ ፊት አለው» ይሉኛል። በሁለት ሳምንት ከእሳቸው ያገኘሁትን በትምህርት ዘመኔ ሁሉ አላገኘሁትም።

ኮንትራክተሩን «ግንቡን እሳቸው ይሥሩት» አልኩት።

«ሲኦሲ ያምጡና ነገ ዋና ግንበኛ አደርጋቸዋለሁ» አለኝ።

ቃሉን ያዝኩ። በልምድ የሠራ ሰውም ተመዝኖ ወረቀት እንደሚያገኝ አውቅ ነበር። አው ሙሜ መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ዋላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልታደርጊኝ ነው?» አሉ። በኋላ እማማ ዘይነብ «ግንቡን እርስዎ ካልሠሩት ከሥሩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ሲሏቸው እሺ አሉ።

የድሮው ግንብ ፈርሶ መሠረቱ እስኪያልቅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት ከአሱር ሶላት በኋላ አስጠናኋቸው። የአማርኛ ፊደል ስለማያነቡ ጥያቄው በቃል ነበር። ሄልሜት ለምን ይደረጋል፣ ሲሚንቶና አሸዋ ስንት በስንት ይደባለቃል፣ ይህን ሁሉ ሸመደዱልኝ። «ግንቡ ደህና ከተሠራ ሄልሜት ለምኔ?» እያሉ ያስቁኛል።

የፈተናው ዕለት የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሥራ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ከሸዋ በር በባጃጅ ሄድን። የቃሉን ጥያቄ አንድ ሳይስቱ መለሱ። ከዚያ ድንጋይ ተሰጥቷቸው አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ እንዲገነቡ ታዘዙ። አብረዋቸው የሚፈተኑት ወጣቶች የራሳቸውን ሥራ ትተው እጃቸውን ያዩ ነበር። እኔማ አልፈዋል ብዬ ለእማማ ዘይነብ ልደውል ስልኬን አውጥቻለሁ።

መዛኙ መጥቶ ውሃ ልኩን ግንቡ ላይ አቆመ። አረፋዋ መሃል አልገባችም። በቱንቢም ለካው።

«አባቴ፣ ግንቡ ወደ ውስጥ ጋድሏል» አላቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያጋደልኩት» አሉ አው ሙሜ ኮራ ብለው።

ያኔ ነው የገባኝ። የጀጎል ግንብ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ ሲሄድ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የአፈር ጣሪያ ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቀድሞ ወደ ውስጥ ያዘነበለው ግን ይችለዋል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፈተናው በውሃ ልክ እንደሚለካ የማውቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ስለ ሄልሜት ስለፈልፍ «እዚያ ሲደርሱ ቀጥ አድርገው ይገንቡ» የምትለዋን አንዲት ነገር አልነገርኳቸውም።

ገብቼ ለመዛኙ አስረዳሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ ገብቶኛል። ቅጹ ላይ ግን ቀጥ ያለ ነው የሚለው፤ ለምን ጋደለ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ የለውም» አለኝ። ውጤታቸው «ገና ብቁ አይደሉም» ተብሎ ተጻፈ።

ለሰባ ዓመት ሰው «ገና»!

በማግስቱ ኮንትራክተሩ «አላልኩሽም? ግንበኛ ቢሆኑ ያልፉ ነበር» አለኝ። ያስተማሩሽን እርሺው ያለኝ ያው ሰውዬ ነው። የእኔ ወረቀት ለእሱ ፋይል ማሟያ ነበር፤ እሳቸውን ለመጣል ሲሆን ግን ወረቀት ዳኛ ሆነ። ሲኦሲ ያለው ሌላ ግንበኛ አመጣ። ግንበኛው ምንም ጥፋት የለበትም፤ የእማማ ዘይነብን ግንብ እንደተማረው በውሃ ልክ እየለካ ቀጥ አድርጎ ሠራው። ድንጋዩን የሚያቀብሉት አው ሙሜ ነበሩ።

«ሁለተኛ ይፈተኑ፤ ቀጥ አድርገው ይገንቡላቸውና ወረቀቱን ይውሰዱ» ብዬ ለመንኳቸው።

«የማላምንበትን ግንብ ለወረቀት ብዬ አልሠራም ልጄ» አሉኝ። ሥራው ሲያልቅ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ተሰናበቱ።

አሁን ዝናብ በጣለ ማግስት መንገዴን ቀይሬ በእማማ ዘይነብ ቤት በኩል አልፋለሁ። ግንቡ ሆዱን ነፍቶ እንደሆነ አያለሁ። እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እውነቱን ልናገርና ቀጥ ብሎ ሳየው አው ሙሜን የሚያሳብል ይመስለኝና እናደዳለሁ። ከሥሩ የሚተኙት እማማ ዘይነብና ሕፃናቱ ትዝ ሲሉኝ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ሰው ግንብ ሠርቶ ሲያበቃ እንዲፈርስ ይመኛል? እኔ ግን ተመኝቼ አውቃለሁ።