ከጽዋው ጋር የዞረ ገብስ

ደጊቱ ዘር የምትመርጠው ገብሱ ቆሞ ሳለ ነው። ሊታጨድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ማሳው ውስጥ ትገባለች። ዛላውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን ቀና ታደርገዋለች፤ የወደደችውን ቆርጣ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ጎረቤቷ ፈንታው በድንበሩ ሲያልፍ ሁልጊዜ ይነካካታል።

«ዛሬም ለገብስሽ ሙሽራ እየመረጥሽ ነው?»

«አዎ። ሚስትህም እንዲህ አገላብጣ አይታ ቢሆን ኖሮ አንተ እስካሁን ላጤ ነበርክ» ትለዋለች።

የመረጠችውን ዛላ በትንንሹ አስራ ከምድጃው በላይ ካለው ማገር ላይ ትሰቅለዋለች። ዓመቱን ሙሉ ጭስ ይጠጣል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ሰኔ ሲገባ ታወርደዋለች፤ ጥላሸት የመሰለው ዛላ በመዳፏ ሲታሽ ከውስጡ ነጭ ፍሬ ይወጣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አይታዋለች፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ ለአፍታ ትንፋሿን ትይዛለች።

ገብሱ ሰነፍ ቆሎ ይባላል። ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚለቅ ለመፈተግ ጉልበት አይጠይቅም። ደጊቱ ከእስቴ ወደ ታች ጋይንት ስትዳር እናቷ በቅል ሞልታ ከጥሎሿ ጋር አስይዛታለች። ባሏ አስማረ እስከ ዛሬ «ሰነፍ ሴት ሰነፍ ገብስ ተሸክማ መጣችብኝ» እያለ እንግዳ ያስቃል። ያ አንድ ቅል ግን ዛሬ በአካባቢው የሌለበት ማሳ የለም። በረዶ የመታው፣ ውርጭ ያቃጠለበት፣ ዘሩን በልቶ የጨረሰ ሁሉ ቁናውን ይዞ ደጊቱ ደጃፍ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ባዶ እጁን መመለስ በዚያ አገር ነውር ነው።

በዘጠና ስምንት ዓ.ም. መጋቢት ላይ የቢራ ገብስ የሚገዛ ድርጅት ወጣት ወኪል ከከተማ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጋ፤ በጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምርና የማኅተም ቀለም አስቀመጠ። ስለ ቢራ ገብስ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ በፍጥነት ተናገረና «ዝርዝሩ ወረቀቱ ላይ አለ» ብሎ ጨረሰ። ሰው ንግግሩን አልሰማም፤ ዓይኑ ቀለሙ ላይ ነበር። በዚያ አገር ወረቀትና ቀለም አብረው ከታዩ የእርዳታ ስንዴ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ደግሞ ለእርዳታ ሲመዘገቡ ብዙ የጠየቀ ከመዝገቡ ይቀራል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም።

ደጊቱ የሴቶቹ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር መሪ ናት። በየወሩ በአሥራ ስድስት ቀን ተራ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ጽዋውን የተረከበች የሚቀጥለውን ወር ታዘጋጃለች። የማኅበሩ መሪ በመሆኗ ከሁሉ ቀድማ አሻራዋን አሳረፈች። ከዚያም አባላቷን በስም እየጠራች አሰለፈች።

«ነይ አንቺ ወለተ ሚካኤል! አውራ ጣትሽን ነው እንጂ ሌባ ጣትሽን ማን ጠየቀሽ!»

ሃያ አራት ሴቶች በእሷ ቃል አሻራቸውን አኖሩ። የየራሳቸውን ቅጂ ተቀብለው፣ እየተሳሳቁ፣ ቀለሙን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ሄዱ። ደጊቱም የእሷን ቅጂ አጥፋ ማገሩ ላይ፣ ከዘሯ አጠገብ ሰካችው።

ግንቦት አሥራ ስድስት ረቡዕ የጽዋው ተራ የእሷ ነበር። ጠላው ቀረበ፤ ዳቦው ተቆረሰ። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ጸሎቱን አድርሰው ተቀመጡ። ደጊቱ በድንገት ስንዴው ትዝ አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ ግንቦት ሃያ አምስት፣ አርብ ገበያ ከተማ ፍርድ ቤት መዝጋቢ ፊት ቀርባችሁ አረጋግጡ፣ የቀረበ ማዳበሪያ ይዞ ይመለሳል ተብሎ ተለፍፎ ነበር። ጭስ የጠጣውን ወረቀት አወረደችና አቧራውን እፍ ብላ ሰጠቻቸው።

«መሪጌታ፣ ስንዴው ስንት ቁና እንደሆነ እስቲ ይዩልን።»

መሪጌታ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት፤ አቀረቡት። ሴቶቹ እየተጎሻሸሙ ይጠብቃሉ።

«ስንዴ የለበትም» አሉ።

«እንዴት የለበትም! በደንብ ይፈልጉት እንጂ።»

«ገብስ ነው ያለበት። እሱም የእናንተ አይደለም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወንጌል እንደሚያነቡ ቃሉን ለያይተው አነበቡ። «አንቀጽ ሰባት። አምራቹ ከድርጅቱ ዘር በቀር ሌላ የገብስ ዘር አይዘራም፤ በቤቱ አያስቀምጥም፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ከሌላ ሰው አይቀበልም። ተላልፎ ቢገኝ ዘሩም ምርቱም ይወረሳል።»

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ብቻዋን መሆኗን አይታ አፏን ያዘች። ሃያ አራቱም ቀና ብለው ማገሩን አዩ። ከዚያ ደግሞ ደጊቱን።

«አንቺ አይደለሽ ያሰለፍሽን?» አለች ወለተ ሚካኤል፣ በቀስታ።

ደጊቱ ወረቀቱን ከመሪጌታ እጅ ተቀብላ አጠፈችው። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ግንቦት አሥራ ስምንት፣ ሊነጋ ሲል በአህያ ገብስ ጭና፣ ወረቀቱን በመቀነቷ አስራ፣ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ወደ አርብ ገበያ ተያያዘችው። ጣቷን በአመድም በሎሚም አሽታዋለች። ቀለሙ ከወር በፊት ለቋል፤ እሷ ግን ይታያት ነበር።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ደምሌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ጣውላ፣ ኪሱ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ፣ ከእግሩ ሥር የአሮጌ ጋዜጣ ክምር አለው። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበው። ያቀረበችለትን የሰነፍ ቆሎ ጥሬ እየቆረጠመ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው።

«እናቴ፣ ይሄ እዚህ ብቻ የተጻፈ አይምሰልዎ» አላት። «በብዙ አገር እንዲህ እየተባለ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ዘርን እንደ መሬት በስማቸው ያስመዘግባሉ። አገራችንም የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ ልግባ ብላ አመልክታለች፤ የሚገባ ደግሞ ለዘር ባለቤት የሚሰጥ ሕግ አውጣ ይባላል። ጋዜጣው ላይ አለ።»

«ሕጉን የሚያወጡት የት ሆነው ነው?»

«ባሕር ማዶ።»

«የኛን ደጋ አይተውት ያውቃሉ?»

«የት አይተውት!»

«ታዲያ የእናቴ ገብስ መኖሩን ማን ነገራቸው?» አለች ደጊቱ፤ የምሯን ተገርማ ነበር። አንድ ቅል ዘር፣ ከእስቴ በአህያ የመጣ፣ እስከ ባሕር ማዶ መጠላቱ!

ደምሌ ሳቀና ወዲያው ኮስተር አለ። «አሁን የምጠይቅዎትን በደንብ ያስቡት። አሻራዎን ሲያኖሩ ዳኛ ነበር? መዝጋቢ ነበር?»

«ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምን ዳኛ አለ? ያ ልጅና ቀለሙ ብቻ።»

ደምሌ ጣውላውን በመዳፉ መታው። «እንግዲያውስ አልታሰራችሁም! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚለው። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራውን ቢያኖር፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው አያስገድደውም። የሚመጣው ዓርብ የጠሯችሁ ለምን መሰለዎት? ያኔ በመዝጋቢው ፊት ዳግም አሻራ አኑራችሁ ካረጋገጣችሁ ግን እኔም ምንም ላደርግላችሁ አልችል።»

ደጊቱ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። 

«እና ካልመጣን በቃ?»

«ካልመጣችሁ በቃ።»

ሰባት ቀን ነበራት። አሻራውን ያኖረው ደግሞ የእሷ ማኅበር ብቻ አይደለም፤ ወኪሉ የዞረበት አምስት አጥቢያ ሁሉ ነው። ስልክ የለ፣ ራዲዮ የለ። ግን የቅዱሳኑ ቀኖች በዚያ ሳምንት ተከታትለው ነበር። ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፤ እሑድ ሰንበቴ፤ ሰኞ ሃያ አንድ ማርያም፤ ረቡዕ ጊዮርጊስ፤ ሐሙስ ተክለ ሃይማኖት። በየቀኑ በአንዱ አጥቢያ አንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣል። ሰው ከያለበት ራሱ ተሰብስቦ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ለመስማት ተዘጋጅቶ ይቆያታል። ቀን መቁጠሪያው ሁሉ ለዚህ የተዘጋጀ መስሎ ታያትና በመንገዷ ላይ ብቻዋን እልል ልትል ቃጣት።

መሪጌታ አብረዋት ወጡ። በየቤቱ ጸሎቱ ሲያበቃ አንቀጽ ሰባትን ያነባሉ፤ ቀጥሎ ደምሌ የነገራትን ደጊቱ ትናገራለች። ስትጨርስ ለተሰበሰበው ሁሉ ከነጠላዋ እፍኝ እፍኝ ገብስ ታድላለች፤ ጽዋውን ለሚረከበው ደግሞ አንድ ሙሉ ዛላ ትሰጣለች። «ወረቀት ላስይዛችሁ አልችልም። ዓርብ ለመሄድ ስትነሱ ይህን እዩት» ትላለች። በአንዳንዱ ቤት ተጨበጨበ። በአንዱ ቤት ግን «አንቺ አሰልፈሽ አንቺ ትበትኚናለሽ?» ተባለች፤ ጠላም አልቀረበላት።

ከሁሉ የከበዳት የገዛ ጎረቤቷ ነው። ረቡዕ ማታ ከጊዮርጊስ ስትመለስ ፈንታው በድንበሩ ላይ ጠበቃት። በሬው ሞቶበት ከሰው በሬ ለምኖ የሚያርስ ሰው ነው።

«እኔ ዓርብ እሄዳለሁ» አላት። «የቢራ ገብስ ዋጋ ያወጣል። አንቺ ቆሎሽን ይዘሽ ጭስሽን ሙቂ።»

«የቢራ ገብስ አትዝራ አላልኩህም። ዝራ! ሌላውን አትዝራ፣ ለሰው አትስጥ የሚለውን ነው የምልህ።»

«ለማን ልሰጥ? የምሰጠው አለኝ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት በረዶው ማሳህን ሲያጠበው ቁናህን ይዘህ የመጣኸው የማን ቤት ነው?» አለችው። «ያን ቀን ይሄ ወረቀት ኖሮ ቢሆን እኔ ስሰጥህ ሌባ፣ አንተም ስትቀበል ሌባ ነበርን።»

ፈንታው ዓይኑን ወደ ማሳው መለሰ። ከዚያ «ደጊቱ፣ በሬ የለኝም እኮ» አለ፤ ድምፁ ቀንሶ ነበር።  አስማረ ከጓሮ ሰምቶ ወጣና «የኔን ጥማድ በሰኔ ውሰደው፤ መጀመሪያ ላንተ እናርሳለን» ብሎ ገባ። ፈንታው እሺም እምቢም ሳይል ሄደ።

ዓርብ ደጊቱ ገብሷን የፍርድ ቤቱ በር በሚታይበት ቦታ ዘረጋች። ገበያው ሞልቷል። ወኪሉ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ማዳበሪያ የጫነ መኪናም አጥሩን ተጠግቷል። ከአምስቱም አጥቢያ የመጡ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ፣ ወደ መኪናው እያዩ፣ ያልፋሉ። አይገቡም፤ ግን ደግሞ አይርቁም። አንድ ሰው ቢገባ የሚከተሉት ብዙ እንደሆኑ ታውቃለች። አንዲት ሴት ገብሷን ጠየቀቻት፤ ደጊቱ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ ሰፍራ ሰጠቻት፤ ሁለት ጊዜ ሰፈረችላት።

ያኔ ፈንታው ከሰዉ መሐል ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደና ገባ።

ደጊቱ ቁናዋን አስቀመጠች። የምታየው ክፍት በር ብቻ ነበር። ሰውም ቆመ፤ ከብት ሻጩ እንኳ ዋጋ መጥራቱን አቋረጠ። ቆየ። በጣም ቆየ። ሁለት ሰዎች ከአጥሩ ተነስተው ወደ በሩ ፈቀቅ ሲሉ አየችና አንገቷን ደፋች።

ቀና ስትል ፈንታው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁን ወደ ገበያው አንስቶ አውራ ጣቱን ቀስሯል። ጣቱ የገበሬ ጣት ነው፤ ጭቃ አለበት፣ ስንጥቅ አለበት። ቀለም ግን የለበትም።

«መዝጋቢው ፊት ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ይነበብልኝ አልኩ!» ብሎ ጮኸ። «ሰባተኛውን ሰርዙትና አኖራለሁ አልኩት ለዚያ ልጅ። ሥልጣን የለኝም አለ! እኔ ግን በጣቴ ላይ ሥልጣን አለኝ!»

መጀመሪያ የሳቀው አንድ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ወለተ ሚካኤል እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከጨው ተራ እስከ ከብት ተራ ተቀባበሉት። ደጊቱ ግን አልሳቀችም፣ እልልም አላለች፤ እንባዋ ገብሱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ «አይ ፈንታው፤ አይ የሚስትህ ዕድል!» ትል ነበር።

በዚያው ቀን ደምሌ ከባሕር ዛፉ ሥር አንድ ማመልከቻ ጻፈ። ወረዳውም ክልሉም ከዚያ በላይ ያለውም፣ ለዓለም ገበያ ሲባል ገበሬን ዘሩን በማስቀመጡና ለጎረቤቱ በመስጠቱ እንዳይከሱ የሚል ነው። መሪጌታ ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው አሻራውን አኖረ፤ የመጀመሪያዋ ደጊቱ ነበረች። የመጣው መልስ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ነው፤ ደምሌ ከጋዜጣዎቹ ጋር አስቀምጦታል። ደጊቱም ከዚያ ወዲህ ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ እየተጠራች፣ ከሌላ ወረዳ ለመጡ ገበሬዎች ስለ አንቀጽ ሰባት ትናገራለች። ወኪሉ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። መሪጌታ አነበቡት፤ አንቀጽ ሰባት አልነበረበትም። ፈንታው ግማሽ ማሳውን የቢራ ገብስ ዘራ።

ከዚያ ዓርብ በኋላ በመጣው ሰኔ ግን፣ ዝናቡ እንደ ጣለ በሦስተኛው ቀን፣ የአስማረን ጥማድ እየነዳ በድንበሩ መጣ። በትከሻው ባዶ ቁና ይዟል። ደጊቱ ከማገሩ ላይ ዛላውን አውርዳ በመዳፏ አሸችው፤ እፍ አለችው፤ ጥላሸቱ ፈንታው ጣት ላይ አረፈ፣ ነጩ ፍሬ ወጣ።

«ጥላሸት በጥላሸት አደረግሽኝ» አላት፣ ጣቱን እያሳያት።

«ይሄኛው ይለቃል» አለችውና ቁናውን ሞላችለት።