በአቃቂው ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ጥምዝ ጥርስ

አቃቂ በሰቃ፣ ከሀዲዱ ማዶ፣ ብረት የሚቀረጽባት አንዲት የቆርቆሮ ቶርኖ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ለሙከራ ወሰዱኝ። ከእኔ በፊት በዚያ ማሽን ላይ የቆመች ሴት አልነበረችም፤ ጎረቤቱ ቀርቶ እናቴ ራሷ ሳምንት እንደማልቆይ እርግጠኛ ነበረች። ጋሼ ሲቀጥሩኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሥራ ላይ የሚከራከረኝ ሰው አልወድም። የተከራከርሽኝ ቀን ትሄጃለሽ።» ምላሴ አርፎ አያውቅምና ከሥራው ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

አንድ ጠዋት ወፍጮ ቤት ያላቸው እትዬ የሞተራቸውን ማስነሻ፣ ሞተሪኖውን፣ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ወፍጮው ቆሟል፤ ደንበኛው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው። ፈታነው። የሞተሪኖው ዘንግ ደህና ነው። ዘንጉ ላይ የሚገባው ቱቦ መሰል ብረት፣ ቦኮላው፣ ግን የውስጥ ጥርሱ ተበልቷል። ጥርሱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ብሎን ጥርስ፣ ግን በጣም ዘርጋ ብሎ፣ ይጠማዘዛል። መለዋወጫው ከተማ ውስጥ አልተገኘም። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «እንሠራዋለን» አሉ።

እንዲህ ያለውን ጥርስ በእኛ ቶርኖ በሞተር ኃይል መቁረጥ አይቻልም። ከማሽኑ ሥር ያለው ረጅም ብሎን ጫፉ ላይ እጀታ ይታሰርለትና አንድ ሰው በጉልበቱ ያዞረዋል። ከአዲስ ብረት የተቀረጸው ቦኮላ ቀስ እያለ ሲዞር ስለቱ ወደ ውስጥ ይገባና ጥምዝ መስመር ያሰምራል። ሌላው ሰው ስለቱን ይቆጣጠራል፤ ይመልሰዋል፣ ትንሽ ያጠልቀዋል፣ እንደገና ይሰደዋል። እያንዳንዱ ጥርስ እንዲህ እየተፋቀ ነው የሚወጣው። እጀታው ለእኔ፣ ስለቱ ለጋሼ ደረሰ።

የመጀመሪያው ጭረት ሲወጣ አንገቴን አስግጌ አየሁ። የዘንጉ ጥርስ ወደ ቀኝ ይጠማዘዛል፤ ጭረቱ ግን ወደ ግራ። እጄ በራሱ ቆመ።

«ምን ሆንሽ? አዙሪ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ነው የሄደው።»

«አውቃለሁ። ሁለት ጥምዝ ማርሽ እንዲገጥም አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ይሆናል። እኔ ይህን ስቆርጥ አንቺ አልተወለድሽም።»

እውነታቸውን ነው፤ ጎን ለጎን ለሚዞር ማርሽ እንደዚያ ነው፤ በባቡር ጋራዥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆረጡትም ያንን ነው። ይሄ ግን አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆን ጠንካራ ብረት ደግሞ ማሽኑ ላይ የታሰረው ብቻ ነበረን። እትዬ በርሜል ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ዝም ብል እንጀራዬ አይነካም። ዝም ማለቱ ግን አቃተኝ።

«የቀኝ ብሎን የግራ ዳዶ ይገባለታል እንዴ ጋሼ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በቱታቸው ጠረጉ። በቃ፣ ቦርሳዬን ላንሳ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን የማሽኑን የጎን ክዳን ከፍተው አቅጣጫ የሚገለብጠውን ማርሽ አወጡት። የቦኮላው ቀዳዳ ገና በልኩ ስላልሰፋ ጭረቱ በቀላሉ ተፍቆ ጠፋ። ከዚያ መጥተው እጀታውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ስለቱን ያዢ። እኔ አዞራለሁ።»

እስኪመሽ እሳቸው አዞሩ፣ እኔ ፋቅሁ። ላባቸው እየተንጠባጠበ «ቀስ፣ ቀስ» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ባቡር ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣልና ስለቱን እንዳወጣ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል። ሰው ፊት የተሳሳተ አለቃ እልኩን ስህተቱን በነገረው ሰው ላይ ሲወጣ ከዚያ በኋላ ብዙ አይቻለሁ። ያየሁ ቁጥር እኚያን ሽማግሌ አመሰግናለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የመጨረሻው ጥርስ አለቀ። ቦኮላው ዘንጉ ላይ ሲቀመጥ ማንም ሳይገፋው በራሱ እየዞረ ወረደ። እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!»

«የሷን እጅ ይመርቁ። እኔማ አበላሽቼው ነበር።»

«ደግሞ እሷ ማን ናት?»

«ሠራተኛዬ ናት።»

«ለሙከራ» የሚለውን እስኪጨምሩበት ጠበቅሁ። አልጨመሩም። ፊቴን እንዳያዩት መጥረጊያ አንስቼ የብረቱን ፍቅፋቂ መጥረግ ጀመርኩ።