ማካካሻ የሚገባው ማን ነው

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሶሳ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ አዲስ ተማሪዎች በመልካቸው ለሁለት ተከፈሉ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ጋዜጠኛ ነኝና የትምህርት መክፈቻውን ለመዘገብ ሄጄ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ።

መዝጋቢው ስም ይጠራል፣ ቀና ብሎ ፊት ያያል፣ በእጁ ያመለክታል። የአካባቢው ነባር በርታና ጉሙዝ ወደ ግራ፣ አማርኛና ሂሳብ አንድ ዓመት ወደሚደገምበት ማካካሻ ክፍል፤ የሰፋሪና የወለጋ ልጆች ወደ ቀኝ፣ ወደ መደበኛው። ፈተና አልነበረም።

ከሆሞሻ የመጣች የበርታ ልጅ ወደ ግራ ተላከች። ወረዳዋ ወጪዋን የሚችለው ለሁለት ዓመቱ ኮርስ ብቻ ነው፤ የማካካሻ ዓመት ከተጨመረባት ሳትጨርስ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር።

ቀጥሎ የተጠራው ጥቁር፣ ረጅም ልጅም ወደ ግራ ተጠቆመ።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴ የወሎ ሰው ነው።”

መዝጋቢው ሳቀ። “ታዲያ እንዲህ ያከሰለህ ምንድን ነው? በል፣ በዚህ እለፍ።”

ልጁ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ልጅቷ ተመልሳ መዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

“እሱን ምን ፈትናችሁት ነው?”

“ምንም።”

“እኔንስ?”

“የእናንተን እናውቀዋለን፣ እህቴ።”

ከሰልፉ አንዱ፣ “አንቺም ከወሎ ነኝ በይና እለፊ!” አላት።

“ሆሞሻን የት ላድርጋት?” አለችው።

ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማካካሻ ክፍል አልገባም ብላ የዲኑ ቢሮ በር ላይ ተቀመጠች። እኔ ገብቼ ተማሪዎቹ በምን መመዘኛ እንደተለዩ ዲኑን ጠየቅሁት።

“አማርኛው ይከብዳቸዋል ብለን ነው። ለነሱው አስበን።”

“ማካካሻው ግን ሂሳብም አለበት። ሂሳቡስ?”

ወደ በሩ አየ። ልጅቷን አስጠራት።

“ብትፈተኚ ታልፊያለሽ?”

“እንጃ። ከወደቅኩ ግን ማካካሻው ይገባኛል።”

ዲኑ ያዘዘው ፈተና ረቡዕ ተሰጠ። ውጤቱ አርብ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተለጠፈ፤ እኔም ቆሜ አነበብኩት። እሷና ሌሎች ጥቂት ተማሪዎች አልፈው መደበኛው ክፍል ገቡ። የቀሩት ማካካሻው ውስጥ ቆዩ። የተፈተኑት ወደ ግራ የተላኩት ብቻ ነበሩ።