በገዛ ቤቴ ሳጥን ይቅደመኝ?

ሽማግሌ ልልክባቸው አራት ቀን ሲቀረኝ የማፈቅራት ልጅ አባት ጠሩኝና ‹‹ግቢዬ ኢንተርኔት አስገባልኝ›› አሉኝ። ሥራዬ ሞደም መግጠም ነው፤ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ያልረገጥኩት የኪራይ ግቢ የለም። የዚያን ቀን ግን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ስለ እኔና ስለ ልጃቸው ምንም እንዳልሰሙ ያስመስሉ ነበር፤ እኔም ያመንኳቸው መሰልኩ።

ሰውየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሞደሙን ከስልክ መስመሩ ጋር አገናኝቼ ለእሳቸውና ግቢያቸው ውስጥ ላሉት ተከራዮች ኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ ማደል ጀመርኩ። አድራሻው እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ ግቢው በሙሉ አንድ ሰፈር ይሆንና የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ትለያያለች። እሳቸው ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀመጡ።

‹‹የእኔ ስንት ነው?››

‹‹ዐሥር ነው፣ ጋሼ።››

‹‹አንድስ የማነው?››

‹‹የሞደሙ። ወደ ውጭ የሚወጣው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ በር ማለት ነው።››

‹‹በገዛ ቤቴ ሳጥን ይቅደመኝ?››

እዚህ ላይ ቁጥር ማዕረግ እንዳልሆነ መናገር ነበረብኝ። ግን እሑድ የምልካቸው ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። እኛ ዘንድ ጠላ እንኳ የሚቀዳው ከታላቅ ጀምሮ ነው። አፌ ‹‹እውነትዎን ነው›› አለ፤ አንድ ቁጥርን ለእሳቸው ኮምፒውተር ሰጠሁት። ኮምፒውተሩ ራሱ ቁጥሩ ባለቤት እንዳለው ቢያስጠነቅቀኝ ማስጠንቀቂያውን ዘጋሁበት። ለሞደሙ ከመጨረሻዎቹ ቁጥሮች አንዱን ልሰጠው አስቤ ነበር፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይኼኔ ምሳ ቀረበ። የነገ አማት ‹‹ና ብላ›› ሲሉ ‹‹ቆይ፣ ሞደም ላስተካክል›› የሚል ወንድ ጎንደር ላይ ገና አልተወለደም። ሦስተኛውን ጉርሻ ስውጥ ስድስት ተከራዮች በሩ ላይ ቆመዋል። ኢንተርኔቱ ለአንዳቸውም አይሠራም።

‹‹ምነው ልጄ፣ ምን ነካው?›› አሉ አባት።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሙያችን የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ‹‹መስመር ነው›› ይባላል። ልለው አፌን ስከፍት ልጅቷ ማስታጠቢያ ይዛ አፍጥጣ ታየኛለች። ሥራዬን ታውቃለች፣ ስዋሽም ታውቃለች። አፈርኩ።

‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። እርስዎን ላለማስቀየም ብዬ የበሩን ቁጥር ሰጠሁዎት። አሁን የግቢው ሰው መውጣት ሲፈልግ የሚያንኳኳው እርስዎን ነው።››

‹‹እኔስ ምን አልኳቸው?››

‹‹ዝም ብለዋቸዋል።››

ትንሽ አዩኝና ‹‹በል ለሳጥኑ መልስለት›› ብለው ወደ ምሳቸው ዞሩ። መለስኩለት፤ ኢንተርኔቱም ሠራ። እኔ ግን እስከ እሑድ ድረስ ልጅቷን በአንድ ቁጥር አጣኋት ብዬ ነበር።

ሽማግሌዎቹን ይዞ ከገጠር፣ ከኮሶዬ የመጣው አጎቴ ነው። ገበሬ ነው፣ ሞደም ምን እንደሆነ አያውቅም። ከልጅቷ ቤት ሲመለስ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

‹‹ምን አሉ፣ አያ?››

‹‹ፈቀዱ እንጂ! ለወጉ እንኳ ሌላ ቀን ኑ አላሉንም። ልጁ ሸጋ ነው፣ እምቢ ማለት አያውቅም፤ ለልጄ እንዲህ ያለ ባል ይመቻታል አሉ። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቀዋል።››

‹‹ምን?››

‹‹ሳጥኔን ዳግመኛ እንዳይነካ።››

ይኸው እስከ ዛሬ የአማቴ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚጠሩት ባልደረባዬን ነው። እኔን የሚጠሩኝ ለምሳ ብቻ ነው።